ግራፉ ላይ የወጣችው አምባዛ

እኛ በልጅነታችን ትምህርት ቤት የሚያስፈራን መምህሩ አለንጋ ስለሚይዝ ነበር። የዛሬው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚፈራው ሰው ግን አለንጋም ዱላም የለው፤ የያዘው ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው። አማካሪ ይሉታል። አማካሪ ማለት ምን መሰላችሁ? እናንተ ስትፈልጉት ስብሰባ ላይ ነው፤ እሱ ሲፈልጋችሁ ደግሞ እናንተ ገና ምንም አልጻፋችሁም።

ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም፤ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ ከምትኖረው ከትዕግሥት ነው። የጣና ዓሣ ድሮና ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ታጠናለች። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የትምህርት ፈቃድ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ እስከዚያ ካልጨረሰች ሥራዋ አለቀለት። ይህን እያሰበች ምሳዋን እንደ ኪኒን ነው የምትውጠው። ድሮም ከሲታ ነበረች፤ ጥናቱን ከጀመረች ወዲህ በር መክፈት ትታ በስንጥቁ ነው የምትገባው።

እኔ ፋብሪካ ተቀጥሬ ባሕር ዳር ከመግባቴ በፊት ጣና ዳር ካለችው ደልጊ በታንኳ ዓሣ አጠምድ ነበር። ይህን ስትሰማ መጠይቋን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ በወጣትነትዎ ከያዙት ሁሉ ትልቁ አምባዛ ስንት ክንድ ነበር?»

እስቲ ፍረዱኝ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቅሁ ስንት ዘመኔ! «አምስት ክንድ» አልኋት። ፊቷ ሲበራ ጊዜ «ከስንዝር» ብዬ ጨመርሁ። እሷም ጻፈችው። እኛ ዘንድ ዓሣ ሲወራ ሰሚው ግማሹን እየቀነሰ ነው የሚሰማው፤ አውሪውም ይህን አስቦ ነው የሚጨምረው። ወረቀት ግን መቀነስ አያውቅም።

ግንቦት ሲገባ ከአማካሪዋ ዘንድ በቀይ የተሞነጫጨረ ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች።

«አባባ፣ የእርስዎ ዓሣ ግራፉ ላይ ብቻዋን ጣራ ወጥታ ቆማለች። ‹ወይ ሰውየውን አምጪ፣ ወይ ምዕራፉን ጥለሽ እንደገና ጀምሪ› አሉኝ። እውነት ነው አይደል?»

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አልሁ። መልስ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ።

በማግስቱ ባጃጃችን የባሕር ዳርን ዘንባባዎች ሲያልፍ የራሷን ጥፍር በልታ ጨርሳ የእኔን ልትጀምር ምንም አልቀራት። እኔም ከእሷ አልሻልም።

አማካሪው ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «አባቴ፣ ያችን አምባዛ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» አሉ።

ዘረጋሁ። እጄ አልበቃ አለኝ። ትዕግሥት ትንፋሿን ውጣ ታየኛለች፤ ዓመት ታማ የተነሣች ትመስላለች። እጆቼን ቀስ በቀስ አቀራረብኋቸው። ሰው ወጣትነቱን በገዛ እጁ ሲያሳጥር እንዴት እንደሚያመው የደረሰበት ያውቀዋል።

«ሁለት ክንድ አትሞላም» አልሁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ትዕግሥት የጠየቀቻቸው የሌሎቹ ሽማግሌዎች ዓሣስ?» አሉ አማካሪው።

«እሱን እንጃ። ግን ዓሣ አጥማጅን ለብቻው አትጠይቁት። አብሮት የቀዘፈውን ሰው ጎኑ አስቀምጣችሁ ጠይቁት፤ ያኔ ዓሣው ራሱ ይሰበሰባል።»

ሰውየው በዚያ ቀይ እስክሪብቶ «በሁለት ሳምንት ይታረም» ብለው ጻፉላት። ትዕግሥት ደልጊ ወርዳ ሽማግሌዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች አስቀመጠች። «አንተ ቀጣፊ! ጭራዋን የያዝሁት እኔ አይደለሁ?» ሲባባሉ የጣና ዓሣ ሁሉ አጠረ፤ ግራፉም ወደ ልቡ ተመለሰ። በሰኔ መመረቂያ ጽሑፏን አቀረበች፤ አለፈች። የምስጋናው ገጽ ላይ «ዓሣቸውን ላሳጠሩልኝ አባት» የሚል አለበት።

የዚያን ዕለት እንኳን ደስ አለሽ ብለን ስንወጣ አማካሪው ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ግራ ቀኙን አዩ።

«የእኔም አባት ደልጊ አጥማጅ ነበሩ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሳቸው የያዟት ግን፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ስድስት ክንድ ነበረች።»

አብሯቸው የቀዘፈ ሰው በአጠገባችን አልነበረም። ግማሹን ቀንሼ ሰማኋቸው።