ክብርት እትዬ አፍንጫ

ፖሊስ የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ አሽታች ጎረቤት የሌለው ሰፈር ግን የለም። የእኛዋ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሌሉበት «ክብርት እትዬ አፍንጫ» እንላቸዋለን። ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ!

የስፌት መኪናቸውን መንገድ ዳር ካለው መስኮት ሥር ተክለዋል። ወጣት ሲያልፍ መኪናው ቀጥ ይላል። «ና እስቲ ልሳምህ፣ የኔ ጌታ!» ሰላምታ እንዳይመስላችሁ፤ ፍተሻ ነው። ቀኝ ጉንጭ፣ ግራ ጉንጭ፣ እንደገና ቀኝ። ሦስተኛው ላይ ቢራ ይሁን ወይን፣ ከማን ሱቅ እንደተገዛ ሳይቀር ያውቁታል። የጎረቤቴ ልጅ አንዴ ጥሬ ሽንኩርት ቆርጥሞ መጣ። «ሽንኩርት እንደ ብርቱካን? ምን ልትሸፍን ነው አንተ?» ብለው ጆሮውን ያዙት።

ሕግ ላይ ደግሞ አይጣል ነው። ባለ ግሮሰሪው ለተማሪ ቢራ ሸጠ ሲባል በርጩማቸውን ይዘው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። የሱሪ እግር እየሰፉ፣ ለገባው ሁሉ «መታወቂያ!» ይላሉ። እኔን ራሰ በራውን ጭምር!

«እትዬ፣ እኔ እኮ የልጅ አባት ነኝ።»

«ሕግ መላጣ አያይም።»

ባለ ግሮሰሪው ሊያስነሳቸው ቢመጣ፣ «ሕጉ የሚይዘው ሻጩን ነው፤ ይልቅ ለራስህ እዘን» አሉት። ሰውየው እጁን ሰጠ። ዕድሜው ላልደረሰ እንደማይሸጥ ጽፎ ለጠፈ፤ ጽሑፉን ያረሙለትም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው፣ የልጄ ፈተና ያለቀ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጅህ እኔ ጋ ናት። ጠጥታለች። ደህና ናት፤ ስትመጣ እንዳትጮህባት።»

በሩጫ ደረስኩ። ልጄ ከጨርቅ ክምሩ አጠገብ ተኝታለች፤ ባልዲ ቀርቦላታል። ለካ ከጓደኞቿ ጋር ስትጠጣ ውላ፣ የሰከረ የክፍሏ ልጅ «በሞተር ላድርስሽ» ሲላት ፈርታ ደውላለች። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው! የደንበኛ ቀሚስ በእንጥልጥል ትተው፣ በታክሲ ሄደው አመጧት። ልጁንም ቁልፉን ነጥቀው ለወላጆቹ አስረክበውታል።

በማግስቱ ራሷን ይዛ ስትነሳ፣ ቅናቴ አላስችል አለኝ።

«አባት እያለሽ ለጎረቤት ይደወላል?»

«አባዬ፣ አንተ መጀመሪያ ትጮሃለህ» አለች ቀስ ብላ። «እሳቸው መጀመሪያ ይመጣሉ። የሚቆጡት ከዚያ በኋላ ነው።»

ዕድሜ ይስጣቸው። ልጄን በሕይወት አምጥተውልኛል።