የቆሻሻ መጣያው ጾም

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ባጃጅ ከተማችን ንፋስ መውጫ ከገባ በኋላ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ማን ምን እንዳለም ያምታታሁት ይኖራል። ያኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፣ አሁንም አልለቀቀኝም።

ለመሆኑ የከተማ ቆሻሻ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ከተማ የሚሄደው ወደ እኛ ነበር። ከእኛው ከታችኛው መንደር ሥር አንድ ገደል አለ፤ ማዘጋጃ ቤቱ እዚያ ይጥል ጀመር። ሽታውን ተዉት። የባሰው ፌስታሉ ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ገብሳችን ላይ ይንጠለጠላል፤ ማሳው ልብስ የተሰጣበት ይመስላል። ጎረቤቴ አለምነሽ ከአጨዳ ስትመለስ፣ «አያ ዘለቀ፣ ዘንድሮ ከገብሱ ይልቅ ፌስታሉ ነው ያፈራው» አለችኝ።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆነን ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ይነሣልን አልን። ኃላፊው ትሑት ልጅ ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠንና ወደ ላይኛው መንደር ለማዞር እንደሚሞክር ነገረን። ደስ ብሎን ወጣን። ለላይኛው መንደር ሰዎች አልነገርናቸውም። ምን ብለን እንነግራቸዋለን?

አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም። የሥጋ ቤቶቹ አጥንት የሚጣለው እዚያው ገደል ነው። የአገሩ ጅብ እዚያ ጠግቦ ያድራል። በዚያ ዓመት ከመንደራችን አንድ በግ እንኳ አልተበላም፤ እኛ ደግሞ ጸሎታችን የደረሰ መስሎን ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ። ከተማው ሲጾም ቆሻሻውም አብሮ ጾመ፤ የሚጣለው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ብቻ ሆነ። ለጅቡ ማን ይንገረው? ለቅበላ የተጣለለትን ጨርሶ ጥቂት ቀን ጠበቀ መሰለኝ። ከዚያ የአለምነሽን አህያ በላት።

እኔም ያለችኝ አንዲት አህያ ናት። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ጉልበቴም ውሃ አያሸክመኝም። የምጠጣው በአህያዋ ጀርባ የሚመጣውን ነው። እሷ ከተበላች እኔስ ምን እሆናለሁ? ቤት አስገብቼ ከአልጋዬ እግር አሰርኋት።

በዚህ መሐል ማዘጋጃ ቤቱ ጥያቄያችሁ ተፈቅዷል፣ ቆሻሻው ሊነሣ ነው አለን። ተሰበሰብን። አንዱ፣ ቆሻሻው ሲሄድ ጅቡም ይከተለዋል አለ። ሌላው፣ ጅቡ የለመደው ገደሉን ነው፤ አጥንቱ ይሄድና እሱ እኛው ዘንድ ይቀራል አለ። ሦስተኛው ደግሞ ያረጀ በሬ አርደን ለጅቡ እንጣልለት አለ። በሁዳዴ ይታረዳል ወይ? ይህን የሚያውቅ ስለጠፋ ቤተ ልሔም ገዳም ድረስ ሄደን የድጓ መምህሩን የኔታን ጠየቅናቸው።

የኔታ ሰሙንና፣ «ጅብ ጹም አልተባለም፤ ጹሙ የተባላችሁ እናንተ ናችሁ። ለመሆኑ ይነሣልን ብላችሁ አልነበረም?» አሉ።

«ብለን ነበር፣ የኔታ።»

«አሁንስ?»

መልሱን ማን እንደሰጠ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። «በፍስኩ እኛ ዘንድ ቢቆይ፣ በሁዳዴ ደግሞ ላይኛው መንደር ቢሄድልን» አልን። የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እየሳቁ ይሁን እያዘኑ አላወቅሁም።

ይህንኑ ይዘን ማዘጋጃ ቤት ተመለስን። ኃላፊው ልጅ እስከ መጨረሻው አዳመጠንና፣ «ታዲያ ረቡዕና ዓርብስ፣ አባባ?» አለ።

እሱን አላሰብንበትም ነበር።

ገና ስንመካከር የላይኛው መንደር ሽማግሌዎች ገቡ። ወሬው በምን እንደደረሳቸው አላውቅም። እነሱም ፍስኩን ለራሳቸው ፈልገው፣ ሁዳዴውን ለእኛ ሊተዉልን ነው የመጡት።

እኔ የደብረ ዘይት በዓል ሳይደርስ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለችው ልጄ ዘንድ ሄድሁ። አህያዬን የእህቴ ልጅ በእግሩ ነድቶ አመጣልኝ። የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በሆሳዕና ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ የጋይንት ሰው አገኘሁ። ክርክሩ አላለቀም፤ መኪናው ቆሻሻውን እንደጫነ ከሁለቱ መንደሮች መሐል ቆሟል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም።

ቤት ስገባ ልጄን፣ የዚህ ከተማ ቆሻሻ የት ነው የሚጣለው አልኋት። ሽታ የፈራሁ መሰላት።

«አይዞህ አባዬ፣ ከእኛ በጣም ሩቅ ነው» አለችኝ።

ልደሰት ወይስ ልስጋ? እስከ ፋሲካ እሺ ጥሩ ነው፤ ከፋሲካ በኋላስ አጥንቱ ሩቅ ከሆነ የዚህ ሰፈር ጅብ ምን ይበላል? አልገባኝም። ለማንኛውም አህያዋን ሳሎን አስገባኋት።