የገልገሎ ፈጣን መኪና

ፍጥነት የሚወድ ጎረቤት አላችሁ? ከሌላችሁ አትፈልጉ። እኔ አለኝ፤ ደክሞኛል።

የነገሌው ጎረቤቴ ገልገሎ፣ አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላት የስፖርት መኪና አለችው። ይህ አልበቃ ብሎት ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በሞያሌ በኩል ባስመጣቸው ትልልቅ ኢንጀክተሮች ቀየራቸው፤ ሞተሩንም በላፕቶፕ አስተካከለ።

«አሁን ትበራለች፣ ጋሼ!» አለኝ።

ለእህቴ ልጅ ሠርግ መልካ ጉባ ሊያደርሰኝ ተነሳን። ሙሽራዋን መርቄ የምሸኛት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ከቤት አትወጣም።

በረረች፤ አልዋሽም። የበረረችው ግን መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ሽማግሌ እስክናገኝ ነው። ገልገሎ የቦረና ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም። ሰላምታው ደግሞ «አካም» ብሎ አያበቃም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። ቤት ቢቃጠል እንኳ መልሱ «ናጋ» ነው፤ ሰላም።

«እስክትጨርሱ ሞተሩን አጥፋው እንጂ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሞተር በየደቂቃው አይጠፋም። ነውር ነው።»

አስራ አንደኛው ሽማግሌ ጋ ቤንዚኑ አለቀ። ለካ ትልልቆቹ ኢንጀክተሮች ቆመውም ይጠጣሉ!

ወርደን ስንገፋ፣ መጀመሪያ ሰላም ያልናቸው ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ ደረሱብን። ቆመው ልጆቹን ጠየቁ፣ ከብቱን ጠየቁ፤ ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞረው፣ «እሷስ ናጋ?» አሉ።

ገልገሎ እጁን ከመኪናዋ ሳያነሳ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «ናጋ» አላቸው።

እኔ ከዘራዬን አንስቼ ከግመሎቹ ኋላ ተሰለፍኩ።