ቡናማው መስመር

(ኪንላሪ በስኮትላንድ ደጋ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን በጎን ትቷት ካለፈ ወዲህ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱት፣ ኪልት የሚባለውን የአገሬው ወንዶች ጉርድ የሚሸጥ ሱቅ ገዥ ጠፍቶበታል። የእህታቸው ልጅ ሺና ድረ ገጽ ሠርታላቸዋለች፤ ይህም ካልሆነ ሱቁ ሊዘጋ ነው። ታላቁ ቶርክዊል የማያውቀው ነገር የለም፤ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። ታናሹ ሙርዶ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ይህንንም የሚለው ቶርክዊል ነው። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው ይነታረካሉ።)

ቶርክዊል፦ ቀሚስ አትበል አልኩህ! ኪልት ነው፣ ኪልት!

ሙርዶ፦ ምን ላድርግ ጋሼ፣ እርስዎ ቁጭ ሲሉ እኮ እንደ ቀሚስ ይገለጥብዎታል።

ቶርክዊል፦ ዝም በል! ይልቅ ዜማዎቹን ክፈት። ሰው ገጻችንን ሲከፍት የስልቻ ዋሽንት ሊቀበለው ይገባል።

ሙርዶ፦ ኮምፒዩተሩ ነው የሚነፋው?

ቶርክዊል፦ ኮምፒዩተር ሳንባ አለው እንዴ፣ አንተ ድንጋይ! ጎረቤታችን ዱጋልድ ሲነፋ ቅዳ ብዬህ አልነበር?

ሙርዶ፦ ቀድቻለሁ። አንዱ የሠርግ ነው፣ አንዱ የሰልፍ። ሦስተኛው ግን...

ቶርክዊል፦ ግን የለም! ክፈት!

(ሙርዶ በአንድ ጣቱ ፈልጎ ይጫናል። በሠርጉ ቶርክዊል ያዛጋል፤ በሰልፉ ጆሮውን ያካል። ሦስተኛው ይጀምራል፦ መጀመሪያ ሲጢጥ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ምጥ እንደ ያዛት ላም ረጅም ማቃሰት።)

ቶርክዊል፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) አቤት! አቤት አባቶቼ!

ሙርዶ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዱጋልድ...

ቶርክዊል፦ የሚነፋው ዱጋልድ አይደለም፤ ታሪክ ነው! ይህ በጦር ሜዳ ለወደቁት የወጣ ሙሾ ነው። ያቺን ሲጢጥ ያለችውን ሰማሃት? የመበለቲቱ እንባ ናት።

ሙርዶ፦ እንባ ይጮሃል?

ቶርክዊል፦ የጥንቱ ይጮህ ነበር። ይሄው ይሁን! አሁን የፊተኛው ገጽ ላይ የሚወጣውን የኪልት ጨርቅ፣ ታርታኑን እንምረጥ።

ሙርዶ፦ ቀዩ አይሻልም? ከሩቅ ይታያል።

ቶርክዊል፦ ሰው አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ለሚያየው ከሩቅ ምን ያደርጋል? ታርታን በዓይን አይመረጥም፤ በደም ነው! እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ጥለት አለው።

ሙርዶ፦ እኔ በቀደም ደም ስመረመር ስኳር አለብህ ነው ያሉኝ። ስለ ጥለት ያነሳ የለም።

(ሙርዶ ያነሳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ያሳልፋል። አንዱ ላይ ቶርክዊል ከወንበሩ ይነሳል፦ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ በመሃሉም እባብ መስሎ የሚሄድ ቡናማ መስመር ያለበት ጨርቅ ነው።)

ቶርክዊል፦ ቁም! ይህ የማን ነው?

ሙርዶ፦ እሱ ተሳስቼ ያነሳሁት ነው። የኮርቢ ነው።

ቶርክዊል፦ (በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ስም እንደሚያውቅ ሰው ራሱን እየነቀነቀ) የኮርቢ! ጠፋ የተባለው የኮርቢ ጎሳ!

ሙርዶ፦ ኧረ አልጠፋችም። ትናንትም ደጃችን ነበረች።

ቶርክዊል፦ ዘራቸው አለ በለኛ!

ሙርዶ፦ ሞልቷል! ባለፈው ክረምት ብቻ ስድስት ወልዳለች።

ቶርክዊል፦ ስድስት! በአንድ ክረምት? እነዚህ የጥንት ሰዎች እኮ ብርቱ ናቸው!

ሙርዶ፦ ጋሼ፣ ሰዎች እንኳ...

ቶርክዊል፦ አትንገረኝ፣ አውቀዋለሁ! ፎቶውንም ሙሾውንም አሁኑኑ ለሺና ላክ።

(ሙርዶ ስድሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም። ይልክና ሻይ ያፈላል። ሺና ወዲያው ገጹ ላይ ታወጣዋለች፤ ሻዩ ሳይጠጣ ስልኩ ይጮሃል፤ ቶርክዊል ይነጥቀዋል።)

ቶርክዊል፦ አቤት እመቤቴ! ከካናዳ? ለልጅዎ ሠርግ... ለስምንት ሚዜ! የትኛውን? የኮርቢን! ዓይን አለዎት እመቤቴ። ቡናማውማ ምስጢር ነው፤ እናቶች ብቻ ከሥርና ከቅጠል የሚቀምሙት። በሌላ አገር ቢፈልጉ አያገኙትም። መስመሩም ሳይዛነፍ፣ ልክ እንደ ፎቶው! የክብር ቃሌን ሰጥቻለሁ!

(ስልኩን ዘግቶ በኪልቱ ይሽከረከራል። ሙርዶ ዓይኑን ይከድናል።)

ቶርክዊል፦ ሱቁ ዳነ! በል ሂድ፣ ኮርቢን ጥራልኝ። የቀለሙን ነገር እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ።

ሙርዶ፦ ቢጠይቋትም አትመልስም።

ቶርክዊል፦ ምነው፣ ኩሩ ናት?

ሙርዶ፦ ውሻ ናት።

(ቶርክዊል መሽከርከሩን ያቆማል።)

ቶርክዊል፦ ምን ናት?

ሙርዶ፦ የዱጋልድ ውሻ። ያ ጨርቅ የምትተኛበት ነው።

ቶርክዊል፦ ሙሾውስ?

ሙርዶ፦ የዱጋልድ ስልቻ ተቀዶ፣ በየት በኩል እንደሚያፈስ ሲፈትሽ ነው።

ቶርክዊል፦ (ወንበሩን በእጁ እየፈለገ) ቡናማው... ቡናማው መስመርስ?

ሙርዶ፦ ረግረግ ውስጥ ተንከባልላ መጥታ፣ ጭራዋን ስትጎትትበት የወጣ ነው።

ቶርክዊል፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!

ሙርዶ፦ ልነግርዎ ስጀምር አውቀዋለሁ አሉ። እኔም ያውቁታል ብዬ፣ ከውሻ ጨርቅ ይህን ሁሉ ታሪክ ሲያወጡ እየተገረምኩ ነበር።

ቶርክዊል፦ ወየው ጉዴ! የክብር ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ! ለስምንት ኪልት ያንን ቀለም ከየት አባቴ አመጣለሁ?

ሙርዶ፦ (ሻዩን ፉት ብሎ) እሱስ አያስጨንቅም። ጨርቁን እኔ አሸምናለሁ፤ ረግረጉም እዚሁ ከጓሮ ነው። ችግሩ ኮርቢ ትንሽዬ ውሻ ናት፤ ለስምንት ሰው አትበቃም። (ታላቅ ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ በዓይኑ ይለካውና የጓሮውን በር ይከፍትለታል) ለዚህ ሁሉ ጨርቅ ተለቅ ያለ የሚንከባለል ያስፈልጋል።