የእመቤት ቤት-ይሠራል ማካሮን

ሱቅ የተከፈተው ለሌላ ሰው ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እናንተ ቤት ከሌለ አክስታችሁ ጋ ደውሉ፤ እዚያ አለ። ይህ ሰው የሱቅ መስኮት ፊት ሲቆም ዋጋ አይጠይቅም። ዕቃውን ከፊት ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ከጎን ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ምን ችግር አለው፣ ቤት ይሠራል!" ይላል። አብሮት የቆመው ሰው ልብ የዚያን ጊዜ ድንግጥ ይላል።

የሰፈራችን መነጽር ሠሪ ልብ እንዲህ ሲደነግጥ ዘመናት አልፈዋል። ባለቤቱ ፋርማሲስት ናት፤ ሰፈሩ ግን "እመቤት ቤት-ይሠራል" ይላታል። እመቤት ቤት-ይሠራል የጫማ ቀለም ቤት ሠርታ የባሏ ጫማ እንደ መስታወት አብርቷል፤ ካልሲውም አብሮ ጠቁሮ ቀርቷል። ሳሙና ቤት ሠርታ አንሶላው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ቤት የተሠራው የጥርስ ሳሙና የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ድርቅ አድርጎ ደፍኖት ቧንቧ ሠራተኛ መጥራት ግድ ሆነ። ቧንቧ ሠራተኛው የተጠራውም እሷ ቧንቧውንም መጀመሪያ ቤት ከሠራችው በኋላ ነው።

የሚገርመው ግን ይህች ሴት መድኃኒት ቤት ስትገባ ሌላ ሰው ናት። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ዱቄት ስትመዝን ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሽሮፕ ስትለካ ጠርሙሱን ዓይኗ ትክክል ከፍ አድርጋ፣ ደንበኛ ቢያወራትም አትሰማም። ቤቷ ስትመለስ ጥንቃቄው ከጋዋኑ ጋር መስቀያው ላይ ይንጠለጠላል። ወጥ ቤት ውስጥ መለኪያ የሚባል ነገር አታውቅም። "እጄ ያውቀዋል" ትላለች። እጇ ስለማያውቀው ነገር ባሏ ብዙ ሊናገር ይችል ነበር፤ ሰላም ስለሚወድ ዝም ይላል።

እንዲህ ሲኖሩ ልጃቸው፣ የእጮኛዬን እናት እሑድ ቤት ይዤ እመጣለሁ አለች። ሴትየዋ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ያለው ኬክ ቤት ባለቤት ናቸው። በመስኮታቸው ሮዝና ቢጫ ማካሮን ደርድረው የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው።

"እማ፣ በናትሽ ምንም እንዳትሠሪ" አለች ልጅቷ። "ሻይ ይበቃል።"

"ኬክ ቤት ላላት ሴት ሻይ ብቻ?"

"እሺ፣ ማካሮን ይገዛ።"

"ከማን? ከራሷ ገዝተን ለራሷ ልናቀርብ?" እመቤት ቤት-ይሠራል ዓይኗ አበራ። መነጽር ሠሪው ቀጥሎ የሚመጣውን ስላወቀ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ተከለለ። "ምን ችግር አለው፣ ቤት ይሠራል!"

ልጅቷ አባቷን ኮሪደር ላይ ያዘችው። "አባ፣ ሴትየዋ ሰው የሠራውን ኬክ ሲያዩ መሳቅ ይወዳሉ አሉ። በእማ ላይ ከሳቁ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። እኔ በሁለቱ መሃል እንዴት እኖራለሁ?" አባትየው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ማካሮን ለማያውቅ፣ ሁለት ትንንሽ ክብ ብስኩቶች ናቸው፤ መሃላቸው ክሬም ነው። የእንቁላል ነጭ፣ ስኳርና የአልሞንድ ዱቄት፣ በቃ ይኸው ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አመሉ ግን የከፋ ነው። እርጥበት አይወድም፣ ጥድፊያ አይወድም፣ ሳይበስል ምድጃው ከተከፈተበት ይቀየማል። ሲበስል ደግሞ ከሥሩ ዙሪያውን ትንሽ ሻካራ ጠርዝ ማውጣት አለበት፤ ሙያተኞቹ "እግር" ይሉታል። እግር ያላወጣ ማካሮን ከተራ ብስኩት አይለይም።

የመጀመሪያው ዙር ተያይዞ አንድ ወጥ ምንጣፍ ሆነ፤ መነጽር ሠሪው በመቀስ እየቆረጠ ቀመሰው። የሁለተኛው ፊቱ ሁሉ ተሰነጣጠቀ። ሦስተኛው ላዩ ሲያምር ለጉድ ነው፤ ሲነክሱት ግን ውስጡ ባዶ።

"የድሮ አለቃዬን ይመስላል" አለ መነጽር ሠሪው።

አልሳቀችም። ይልቅ ሥራ ሰጠችው። ማካሮን ሁሉ እኩል ክብ መሆን ስላለበት፣ የመነጽር መስታወት በሚያወጣበት ቅርጽ ምድጃ ወረቀቱ ላይ ክብ እየሣለ ያሰልፍ ጀመር። ያቺ ወጥ ቤት በሙሉ ያላት ትክክለኛ ነገር እነዚያ ክቦች ብቻ ነበሩ። ሊጡ ክቦቹ ላይ ከተጨመቀ በኋላ ፊቱ እስኪደርቅ ስለሚቀመጥ፣ በቤቱ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ሻይ አይፈላም፣ ሻወር አይወሰድም፣ በር ተወርውሮ አይዘጋም። "ዝም በሉ፣ ማካሮኑ እያረፈ ነው!" በዚያ ሳምንት በዚያ ቤት ማረፍ የተፈቀደለት ማካሮኑ ብቻ ነበር።

ከማረፉ በፊት ግን ይመታል። ሊጡ ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ ትሪው ከጠረጴዛ ጋር ይጋጫል። እመቤት ቤት-ይሠራል ደግሞ በዝምታ የምትመታ ሴት አይደለችም። ትሪውን ድም! ታደርግና አየሩን፣ "ውጣ!" ትለዋለች። ድም! "ውጣ አልኩህ!" ባልየው ለጠረጴዛው አዝኖ፣ "ኧረ ቀስ በይ፣ በፈጠረሽ!" ይላል።

ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ ትኖራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። መነጽር ሠሪው ሲከፍት ነርሷ የሕንፃውን ኮሚቴ ሰብሳቢ ይዛ ቆማለች። እሱ ፊቱ ዱቄት ነው፤ ሸሚዙ ላይ የማካሮኑ ቀይ ቀለም ፈስሶበታል።

"ጋሼ" አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመታችዎት የት ጋ ነው?"

"ማን?"

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። "አይፈሩ። በትዳር ያለ ነው፤ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።"

ይህን ጊዜ እመቤት ቤት-ይሠራል ትሪዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ ስትል ሰብሳቢው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። ነገሩ ተብራርቶ ካለቀ በኋላም ነርሷ ስትወርድ ዞር ዞር እያለች መነጽር ሠሪውን በአዘኔታ ታየው ነበር።

እሑድ ጠዋት የመጨረሻ የተባለው ዙር ምድጃ ገባ። ሁሉም ደህና ይሄድ ነበር። ግን እግር አውጥቶ እንደሆነ ልይ ብላ በሩን ከፈተች፤ ያ ሁሉ ማካሮን ዓይኗ እያየ ሙሽሽ አለ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽርጧን ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይገዛ" አለች።

መነጽር ሠሪው ይህችን ቃል ሲናፍቅ ነው የኖረው። ይገዛ! ካልሲው፣ አንሶላው፣ ቧንቧው ሁሉ የተመኙት ቃል ነው። ሲሰማት ግን ደስ አላለውም፤ ፈራ። ፀጉሯ ላይ የእንቁላል ነጭ ደርቋል፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። በዚያው ጠረጴዛ እንዲህ የተቀመጠው ድሮ እሱ ነበር፤ ያ ውስጡ ባዶ አለቃው ከሥራ ያባረረው ቀን። መስታወት ሞርዶ ከማስተካከል በቀር ሙያ የለኝም፣ ሱቅ ደግሞ ማን ይሰጠኛል ሲላት፣ የፊት ለፊቱን ክፍል ሶፋ ብቻዋን እየገፋች፣ "ምን ችግር አለው፣ ቤት ይሠራል" ያለችው እሷ ናት። ይኸው እስከዛሬ እዚያው ክፍል ነው የሚሠራው። እንጀራውም ቤት የተሠራ ነው።

ይህን ሁሉ ሊነግራት ፈልጎ ብድግ አለ። ሄዶ ነጭ ጋዋኗን ከመስቀያው አወረደና አመጣላት።

"ይሄን ልበሺ።"

"ለምን?"

"ማካሮኑን እመቤት ቤት-ይሠራል አቃታት። እስቲ ፋርማሲስቷ ትሞክረው።" ከቁም ሳጥኑ አናት ደግሞ መድኃኒት ቤቱ አዲስ ሲገዛ የሰጣትን አሮጌ ሚዛን አውርዶ አቧራውን እፍ አለ። "ምን ችግር አለው" አለ፣ "ቤት ይሠራል።"

ቀና ብላ አየችው። ጋዋኑን ለበሰች። ዱቄቱን ስትመዝን ትንፋሿን ያዘች፤ እሱም ክቡን እየሣለ አብሯት ያዘ።

ከሰዓት በኋላ እንግዳዋ መጡ። ሳህኑ ላይ የቀረቡት ማካሮኖች እግር አላቸው፤ እግራቸው ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው፤ ሮዝ ቀለማቸውም የሳሳና የደመቀ እየተቀላቀለ ወጥቷል። የኬክ ቤቱ ባለቤት አንዱን አነሱ። ገለበጡት። ሥሩን ተመለከቱ። ልጅቷ የአባቷን እጅጌ ጨመደደች።

"የት ተገዛ?"

"ቤት ነው የተሠራው!" አለ መነጽር ሠሪው፣ ማንም ባልጠየቀው ጩኸት።

ሴትየዋ ነከሱት። አኘኩት። ከዚያም ሳቁ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ እናትየው ጋዋኑን ሳታወልቅ ቀጥ ብላ እንደቆመች ፊቷ ደም መሰለ።

"እንዲህ እግር አውጥቶልኝ አያውቅም እኮ!" አሉ ሴትየዋ እየሳቁ። "መስኮቱ ላይ የምታዩት ከፋብሪካ በረዶ ሆኖ በካርቶን የሚመጣ ነው። እኔማ ሠርቼ ሠርቼ፣ ባለቤቴ ጎረቤት ሊከሰን ነው ብሎ ትሪውን ደበቀብኝ።"

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

"ከፋብሪካ?" አለች እመቤት ቤት-ይሠራል። ወገቧ ሲቃና፣ አገጯ ቀና ሲል ባሏ አየ። ዛሬ ያን አገጭ ሲያይ ልቡ አልደነገጠም፤ ሞቅ አለው እንጂ። "ምን ሲደረግ! ምን ችግር አለው፣ ቤት ይሠራል! ይነሱ፣ ሽርጥ ልስጥዎት።"

ሁለቱ ሴቶች ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ መነጽር ሠሪው ጫማውን አድርጎ ወደ ታች ወረደ። ነርሷ ዓይኗን እያሻሸች ከፈተች።

"ይቅርታ እህቴ፣ ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው። አሁን ድም ድም የሚል ነገር ትሰሚያለሽ።"

"ዛሬም ሊመቱዎት ነው?"

"ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆነዋል።"

"ታዲያ ምን ያስቅዎታል ጋሼ?"

መልስ ሳይሰጣት ከላይ ድም! አለ። በሁለት ሴቶች ድምፅ፣ "ውጣ!" ተባለ። እሱ ግን ክብ የሚሥልላቸው ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ትዝ ብሎት ደረጃውን እየዘለለ ወደ ቤቱ ገባ።