አጎቴ የሳቁበት ቀጠሮ

ፊልም ለሽማግሌ ተርጉማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዴ ሞክሬ ተቀጥቻለሁ። ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት «ምን አለ?» ትባላላችሁ፤ ከተናገረ በኋላ «ይህንን ለማለት ነው ያን ሁሉ የለፈለፈው?» ተብላችሁ የምትወቀሱትም እናንተው ናችሁ።

መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነኝ። አምና በጥር፣ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ገጠር አጎቴ ቤት ስሄድ በላፕቶፔ አንድ የውጭ አገር ፊልም ይዤ ነበር። አክራሪ ታጣቂዎች አንዲት ከተማ ይይዙና ሙዚቃ ይከለክላሉ፣ ኳስ ይከለክላሉ፣ የሴቶቹን ትምህርት ቤት ይዘጋሉ። ፊልሙ ግን የጦርነት አይደለም፤ በዚያ ሁሉ መሀል ዳቦ ስለሚገዛ፣ ስለሚጣላና ስለሚታረቅ አንድ ቤተሰብ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። አጎቴ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋን ልጃቸውን ጥሩወርቅን ሊድሩ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ «ተመካክረን እናሳውቃችኋለን» ተብሎ ተመልሷል፤ መልሱን ሊሰሙ የሚመጡት በማግስቱ ነው። ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ ስላልነበረኝ ላፕቶፑን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ።

አጎቴ ፊልሙን ወደዱት። የታጣቂዎቹ አዛዥ የቤቱን ልጅ ላግባ ብሎ መጣ፤ አባትየው «እንድናስብበት ጊዜ ስጠን» ቢለው «እስከ ነገ ጠዋት» አለ። ይህን ስተረጉምላቸው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ያለ ሽማግሌ መምጣቱ ሳያንስ የአንድ ሌሊት ቀጠሮ! እኛ እኮ፣ አሉ፣ አጎት አማክረን፣ የክርስትና አባት አማክረን፣ ጎረቤት አማክረን ነው።

ጥሩወርቅ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ሳታቆም፣

«አባባ፣ እኔን መቼ ያማክሩኛል?» አለች።

አጎቴ «ባትሪ ጨርሷል፣ ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። ባትሪው ገና ግማሽ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። አጎቴ ያልተማከረ ሰው ስላለ ሌላ ቀን ይሁንልን አሏቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ ሰውየው ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንደሆነ ጠየቁ።

«የለም፣ እዚሁ ናት» አሉ አጎቴ። «እንዴት እንደምጀምርላት ግን ገና አላወቅሁም።»

ጥሩወርቅ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። አጎቴም ባገኙኝ ቁጥር ሴት ልጅ የሌለችበት ፊልም ይዘህ ና ይሉኛል። ሽማግሌዎቹ ግን ሥራ አልፈቱም፤ በሳምንቱ ከወንዙ ማዶ ሌላ ቤት ሌላ ልጅ ሊጠይቁ ሄዱ። እዚያ አጎቱም ጎረቤቱም ተመካክረው እሺታቸውን አሳወቋቸው።