መርታት ያስከፋው ሙግተኛ

ሞጣ ውስጥ ሙግት የማይወድ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሟል። እኔም እወዳለሁ፤ ምን ያሳፍራል? የጎረቤቴን የአያ ድረስን ያህል ግን አልወድም። በጃንሆይ ጊዜ የአጎቱን ልጅ አያ ሙላትን በሚያርሰው ርስት ከሶት፣ ሁለቱ ከአንድ አገልግል እየበሉ አውራጃ ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። ዳኛ ፊት ሲቆሙ ግን ዘመድነታቸውን ረስተው አንዱ የሌላውን ዘር ማንዘር ያብጠለጥላል።

ለምስክርነት አብሬያቸው በሄድኩበት ቀን ዳኛው መሬቱን ለአያ ድረስ ፈረዱለት። የጎጃምን የርስት ታሪክ የለወጠ ፍርድ ነው ብል አላጋነንኩም። እልል ይላል ስል ፊቱ ዳመነ። ደጅ እንደወጣን የአያ ሙላትን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

«ይግባኝ በል እንጂ!»

«ረትተኸኛል፤ ውሰደው።»

«አንተ ሰነፍ! ደብረ ማርቆስ ስንት ዳኛ ተቀምጦልህ!»

«ያለኝ እሱ መሬት ብቻ ነበር። እንግዲህ ልጆቼን ይዤ ሰው ቤት ላድር ነው።»

አያ ድረስ ጋቢውን ለቀቀው። ሙግተኛ የያዘውን ሲለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አየሁ። ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ሕግ አታውቅም ማለት ነው» አለው። «ይግባኝ ያለ ሰው ነገሩ እስኪያልቅ መሬቱን እያረሰ ይቆያል። እኔ ደግሞ መቶ ዓመት እሟገትሃለሁ።»